ካሜራው ራሱ አያነሣም

በቅርቡ ስለ አገራችን ፊልም በተደረገ አንድ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። መድረኩ ላይ ደራሲ አለ፤ አዘጋጅ አለ፤ ሁለት ተዋንያን አሉ፤ የሙዚቃ ባለሙያም አልቀረም። ከአዳራሹ አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ «የካሜራ ባለሙያ ለምን አልተጋበዘም?» ሲል ጠየቀ። ከመድረኩ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር። «የዛሬ ካሜራ እንደሆነ ራሱ ያነሣል፤ ዋናው ታሪኩ ነው።» አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ ሳቅ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። እኔ የካሜራ ሰው አይደለሁም። ሙያዬ ግጥምና ተውኔት ነው። ሁለት የፊልም ድርሰቶቼ ተሠርተው ታይተዋል፤ ካሜራ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ ላይ የምሟገተው ለራሴ ሙያ አይደለም፤ በአብዛኛው በራሴ ሙያ ላይ ነው። የአገራችንን ፊልም ደግፈን ያቆምነው እኛ ደራስያንና የቴአትር ሰዎች እንደሆንን ሁሉ፣ ዓይኑን ያሰርነውም እኛው ነንና።

እስቲ ካሜራው ራሱ ያንሣ እንበል። አንዲት ጠይም እናት ነጭ ነጠላ ተከናንባ ከደጃፏ ተቀምጣለች። ጊዜው እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። ካሜራ ብርሃንን ሲለካ ፊትን ከጨርቅ፣ ሰውን ከግድግዳ አያበላልጥም። ከፊቱ ያለውን ሁሉ ደምሮ አማካዩን ይወስዳል፤ ያም አማካይ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ይፈርዳል። ነጠላው የምስሉን አብዛኛውን ክፍል ከያዘ መሣሪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ መስኮቱን ያጠብባል፤ የእናቲቱ ፊት ከሰል ይመስላል፤ ዓይኗ ወደ ጉድጓድ ይገባል። ወደ ፊቷ ቀርቦ ሲያነሣ ደግሞ «ጨለመ» ብሎ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ፈትሉም ጥለቱም ጠፍቶ ነጠላው የተቃጠለ ነጭ ብቻ ይሆናል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ፊትን ለይቶ ማወቅ ጀምረዋል ቢባልም፣ ፊቱን ሲያድኑ ነጠላውን ይገድላሉ። ፊትና ነጠላን ማስታረቅ የማሽን ሥራ አይደለም። ከሁለቱ የትኛው በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደሚበልጥ፣ የትኛውስ ምን ያህል ይጥፋ ተብሎ እንደሚፈቀድለት የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።

ሙያውን የሚያውቅ ሰው ምን ያደርጋል? እናቲቱን ሁለት እርምጃ ወደ ጣሪያው ጥላ ያስገባታል። ከጎን በኩል አንድ ጋቢ ወይም አራት ክንድ አቡጀዲ ይዘረጋል፤ ከመሬት የሚነጥረው የፀሐይ ብርሃን በጨርቁ ላይ አርፎ ወደ ጉንጯ ይመለሳል። ጠይም ፊት ደማቅ መብራት ስለ በዛበት አያምርም፤ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ሲያገኝ ግን እንደ ተወለወለ እንጨት የራሱን ወዝ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ካሜራው የሚከፈተው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ካሜራው «ራሱ» የሠራው ነገር የቱ ነው?

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። መሣሪያው ገለልተኛ ነው የሚለው እምነት ራሱ የዋህነት ነው። ባለፈው ምእተ ዓመት አጋማሽ ገደማ የቀለም ፊልም አምራቾችና አጣቢዎች የቀለሙን ትክክለኛነት የሚያመዛዝኑት አንዲት ነጭ ሴት በታየችበት የመለኪያ ካርድ ነበር፤ ካርዱም «ሸርሊ» እየተባለ ይጠራ ነበር። የእሷ ቆዳ ሲያምር ቀለሙ ትክክል ነው ይባል ነበር። የእኛ ፊት በዚያ መመዘኛ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ አንድ የካሜራ ባለሙያ በጎንደር ወይም በጂማ ቆሞ ሌንሱን ሲከፍት ከፀሐዩ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ አገር ሌሎች ሰዎች ለሌላ ፊት ብለው ካስቀመጡት ልክ ጋር ይታገል ነበር ማለት ነው። ይህንን ትግል «ማንሣት» ብለን በአንድ ቃል እናልፈዋለን።

ይህ ነገር ለባህላችን እንግዳ ነው የሚለኝ ካለ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ይመለስ። የጥንቱ ሠዓሊ ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሥለዋል፤ ከሓዲውንና ርኩሱን መንፈስ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ያሳየዋል። ሠዓሊው ማንን በየት በኩል እናየዋለን የሚለውን ጥያቄ ከፍርድ ጋር አያይዞታል። አንድ የካሜራ ባለሙያ ሌንሱን ከተዋናዩ ጎን ወደ ፊት ለፊቱ ሲያዞር የሚያደርገው ሌላ ነገር ነውን? እኛ የቃል ሕዝብ ነን እያልን ራሳችንን ስናወድስ፣ በዓይኑ የሚፈርድ ሕዝብ መሆናችንን ረሳነው።

በእርግጥ ደራስያን ቃልን ዙፋን ላይ ያስቀመጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅኔ አለን፤ ሰምና ወርቅ አለን፤ ተረት አለን። ከቴአትር ቤት ወደ ፊልም ስንሻገር ይህንን ሁሉ ይዘን ተሻገርን። የመጣንበትን አዳራሽም ይዘን መጣን። እስቲ ከአገራችን ፊልሞች አሥሩን መርጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ። ከአሥሩ ስምንቱ ምንም አይጎድላቸውም። አባትየው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያለፈ ታሪኩን ይናገራል፤ ልጅቱ ቆማ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ገብታ ምን እንደ ተደረገ ታስረዳለች። ይህ በምስል የታጀበ የሬዲዮ ድራማ ነው። የካሜራ ባለሙያውም የተጠራው ምስክር እንዲሆን ብቻ ነው፤ የሚናገረው አልተሰጠውም።

«አገራችን ድኻ ናት፤ ለዚህ ሁሉ ቅንጦት አቅም የላትም» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ለዚህ መልስ የሚሰጥልኝ የህንዱ ሱብራታ ሚትራ ነው። ሳትያጂት ሬይ «ፓተር ፓንቻሊ»ን (እ.ኤ.አ. 1955) ለመሥራት ሲነሣ ካሜራውን የሰጠው ለዚህ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ሚትራ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር እንጂ የፊልም ካሜራ ነክቶ አያውቅም። ገንዘቡ እያለቀ ሥራው ደጋግሞ ተቋርጧል። በሚቀጥለው ፊልም፣ በ«አፓራጂቶ» (1956) የአንድ አሮጌ ቤት ግቢ በስቱዲዮ ውስጥ ተሠራና የሰማዩን ጥላ የለሽ ብርሃን እንዴት እናምጣው የሚል ችግር ገጠማቸው። ሚትራ ከግቢው በላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ መብራቶቹን ወደ ጨርቁ አዞራቸው። ብርሃኑ ነጥሮ እንደ ደመናማ ቀን ወረደ። ያ ዘዴ ዛሬ በዓለም ላይ የዕለት ተዕለት አሠራር ሆኗል። ጃፓናዊው ካዙዎ ሚያጋዋም «ራሾሞን»ን (1950) በጫካ ውስጥ ሲያነሣ ዛፉ ብርሃን ስለ ከለከለው ፀሐይን በመስተዋት እያነጠረ በተዋንያኑ ፊት ላይ አሳርፏታል። አቡጀዲና መስተዋት መርካቶ ሞልቷል። ያጣነው ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ክርክር፣ «ፊልም የአዘጋጁ ነው፤ የተቀረው ፈጻሚ ነው» የሚል ነው። ኦርሰን ዌልስ «ሲትዝን ኬን»ን (1941) ሲሠራ ገና የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ በዘመኑ ከእሱ የበለጠ ኩሩ የሆነ የጥበብ ሰው ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ። ይሁን እንጂ በፊልሙ መጨረሻ የራሱን ስምና የካሜራ ባለሙያውን የግሬግ ቶላንድን ስም በአንድ ገጽ ላይ አብሮ አወጣው። ኩራተኛው ያደረገውን እኛ ትሑቶቹ እንቢ አልን።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። «ሂሩት አባቷ ማነው»ን (1957 ዓ.ም.) ስም ጠርቶ የማያነሣ የፊልም ታሪክ ጸሐፊ የለም። «ጉማ»ን (1966 ዓ.ም.) ሚሼል ፓፓታኪስ እንዳዘጋጀው ብዙ ሰው ያውቃል። «አስቴር»ን ሰሎሞን በቀለ ወያ እንደ ሠራው መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይነግራሉ። ካሜራውን ማን ያዘ ብላችሁ በአንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ብትጠይቁ ግን ዝምታ ነው የምታገኙት። እነዚያን ጥላዎች ያሰናዳ፣ ያንን ፊት ከጨለማ ያወጣ ሰው ነበረ። የአንድን አገር ሥዕል የሣለ ሰው ስሙ ከቀረ ሥዕሉ የማንም ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ስሙ የተጠራበት ዘመን ሲመጣ ደግሞ ስሙ የእኛ ሳይሆን ቀረ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. በአገራቸው መሬት ላይ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ሲያነሡ ካሜራውን የያዘው አሜሪካዊው ኤሊየት ዴቪስ ነበር። በቬኒስ (እ.ኤ.አ. 2008) የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዋጋዱጉ (2009) የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ያገኘውን «ጤዛ»ን ያነሣው ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ ነው። በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት የወሰደውን «ድፍረት»ን ፖላንዳዊቱ ሞኒካ ሌንቼቭስካ፣ በ2015 በካን ይፋ ምርጫ ውስጥ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኖ የገባውን «ላምብ»ን ካናዳዊቱ ጆዜ ዴሼ አነሡት።

ልብ በሉ፤ እነዚህን ሰዎች አልነቅፍም። የሠሩት ሥራ የሚከበር ነው። አዘጋጆቹንም ለምን እነሱን መረጣችሁ አልልም፤ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣና አብሮት ምን ውል እንደ ተፈረመ እናውቃለን። የእኔ ጥያቄ ወደ እኛ ነው። የሰሜኑን ተራራ ጭጋግ፣ የእናቶቻችንን ፊት፣ የጎጆአችንን ጭስ ለዓለም ያሳየ ሁሉ ማለት ይቻላል ከውጭ የመጣ ዓይን ከሆነ፣ በየሜዳው የኛ ልጆች የት ነበሩ? አብዛኛዎቹ እዚያው ነበሩ። ሽቦ ይዘረጉ ነበር፤ ሣጥን ይሸከሙ ነበር፤ ለምሳ ይላኩ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኔ ከዚህ ላይ የምጨምረው፣ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ መቆጠሩን ነው።

አንድ ነገር ግን መካድ አይገባም። በ1970ዎቹ የፊልም ማዕከል፣ ኋላም ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ነበር። የዘመኑን ፖለቲካ የፈለገ እንደ ፈለገ ይመዝነው፤ ለካሜራ ሙያ ግን አንድ ጥቅም ነበረው፤ ረዳት የሚሆን፣ ከረዳትነት የሚያድግ፣ ደመወዝ እየበላ የሚማር ሰው ነበር። ሞስኮ ድረስ ሄደው የተማሩ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ከመጣው ለውጥ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኮርፖሬሽኑ ሲዘጋ የተዘጋው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አልነበረም። አንዱ ከሌላው እጅ ሙያ የሚቀበልበት ሰንሰለት ተበጠሰ። በፊልም ዘመን 400 ጫማ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚነሣው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር፤ ባለሙያው ያነሣውን ፊልሙ እስኪታጠብ አያየውም። ስለዚህ ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት በልቡ ማየት ነበረበት። ያንን በልብ ማየት የሚያስተምሩት ሽማግሎች በየቤታቸው ቀሩ። ዲጂታል ካሜራ መጣ፤ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2008 ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ከወጣ ወዲህ በፎቶግራፍ ማንሻ የፊልም መልክ ያለው ምስል መሥራት ተቻለ። በሩ ተከፈተ፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚቀበልና የሚመክር ግን አልነበረም።

ታዲያ የዛሬው ወጣት የት ይማራል? በሠርግ ቤት።

ይህን ስል መሳለቄ አይደለም። እንዲያውም ለአገራችን የካሜራ ሙያ ከየትኛውም ትምህርት ቤት የበለጠ ያስተማረው ሠርግ ነው ብዬ አምናለሁ። አስቡት። ልጁ መብራት ከመሸከም ይጀምራል። ማለዳ ጠባብና ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሽራዋ ስትለብስ ያነሣል። ረፋዱ ላይ ሚዜዎች በሆታ ሲመጡ ከበር ውጭ የሚያጥበረብር ፀሐይ፣ ከበር ውስጥ ጨለማ ይገጥመዋል፤ እያነሣ ሁለቱን ይሻገራል። ቀትር ላይ በመናፈሻ፣ ማታ ቀለሙ በየሰከንዱ በሚለዋወጥ አዳራሽ ውስጥ ነው። ነጭ ቬሎና ጥቁር ሙሉ ልብስ ጎን ለጎን ቆመው ሁለቱንም አድን ይሉታል። ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስማ ስትነሣና ስታለቅስ «ተመለሺና እንደገና» አይባልም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ፈተና ውስጥ አምስት ዓመት የቆየ ልጅ፣ ከመጽሐፍ የተማረው የማያውቀውን ብዙ ያውቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሠርግ ወደ ፊልም ሲሻገር ነው። በሠርግ ቤት ሰው ሆኖ የኖረው እዚህ ዕቃ ይሆናል። የሚከራየው ካሜራው ነው፤ ሰውየው ከካሜራው ጋር የሚሰጥ ምራቂ ነው። ካሜራ የሌለው፣ የቱንም ያህል ቢያይ፣ አይጠራም፤ ካሜራ የገዛ፣ ማየት ባይችልም፣ «የካሜራ ባለሙያ» ይባላል። የፊልሙን ጽሑፍ የሚያነበው በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ጠዋት ነው፤ ያውም ከተሰጠው። ከቀረጻ በፊት ቦታውን አያይም። የሦስት ሳምንት ሥራ በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር የሚጠራው የለም፤ ስለዚህ በአንድ ፊልም የተማረውን በሁለተኛው የሚያሻሽልበት ዕድል ሳያገኝ ወደ ሠርጉ ይመለሳል። በአንድ ሙያ ሰው የሚያድገው ስሕተቱን ደግሞ ሲያርም ነው። እኛ አንድ ጊዜ እናሳስተዋለን፤ ለማረሚያው አንጠራውም።

አንዱን አውቀዋለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን ዛሬ እዚህ መጥራት ያኔ ያልጠራሁበትን አያካክስምና። የመጀመሪያውን ፊልሜን ያነሣው እሱ ነው። በጽሑፌ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አባት ከውጭ አገር የመጣለትን የልጁን ደብዳቤ በግቢው ቆሞ የሚያነብበት ቦታ ነበር። ልጁ (ያኔ ሠላሳ አልሞላውም) ቦታውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንጠብቅ፤ ፀሐይዋ በዚያ ባሕር ዛፍ መካከል ስትገባ የደብዳቤው ወረቀት ራሱ ፊቱን ያበራለታል» አለ። በአገራችን ፀሐይ ስትጠልቅ አትዘገይም፤ ያ ብርሃን ቢቆይ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። ሰዓቱ ሰባት ነበር። ባለ ገንዘቡ ተቆጣ። «ፀሐይ ፀሐይ ናት!» አለ። ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። ደራሲው ነኝ፤ ቃሌ ይሰማ ነበር። እኔ ግን ርቦኝ ነበር፤ ለከሰዓት ደግሞ ቀጠሮ ነበረኝ። «ዋናው ንግግሩ ነው» አልሁ።

ፊልሙ በአዳራሽ ሲታይ የአባትየው ዓይን አይታይም ነበር። ከግንባሩ በታች ሁለት ጥቁር ጥላዎች ብቻ። እኔ ሁለት ሳምንት ተጨንቄ የጻፍሁትን ንግግር የሚናገረው አንድ የራስ ቅል ነበር። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለባልዋ፣ «ማን ነው እሱ?» ስትል ሰማሁ። ያንን ንግግር ዛሬ የሚያስታውሰው የለም።

በፊልሙ ማስታወቂያ ሥዕል ላይ የስድስት ተዋንያን፣ የእኔ፣ የአዘጋጁና የባለ ገንዘቡ ስም ታተመ። የእሱ አልነበረበትም። ቃለ መጠይቅ ሲደረግልኝ ስለ ሐሳቤ አመጣጥ ብዙ አወራሁ፤ ካሜራውን የያዘውን ግን አላነሣሁም። ለምን እንዳላነሣሁ ስጠየቅ የምሰጠው መልስ የለኝም። አልታወሰኝም ነበር፤ ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ ዘመዴ ሠርግ ላይ አገኘሁት። አሁን ሦስት ረዳቶች አሉት። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል መጋረጃውን ራሱ ሄዶ በግማሽ ሲዘጋና የብርሃኑን መጠን በመዳፉ ሲለካ አየሁት፤ የዚያን ቀን ቀትርም ትዝ አለኝ። ለምን ወደ ፊልም እንደማይመለስ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እዚህ ሥራዬን ያዩልኛል» አለኝ። «ሰዎቹ ቪዲዮውን እያቆሙ ደግመው ያዩታል። ፊቷ ጠቁሮ ቢወጣ ገንዘቤን አያገኙልኝም። ፊልም ላይ ግን ቢጠቁርም ቢነጣም የሚጠይቀኝ አልነበረም።»

«ሕዝቡ ስለ ብርሃን አይገደውም፤ ታሪክ ብቻ ነው የሚፈልገው» ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ያው ሕዝብ ለልጁ ሠርግ ሲሆን አንሺውን አማርጦ፣ የቀድሞ ሥራውን አስመጥቶ አይቶ፣ ከአቅሙ በላይ ከፍሎ ይቀጥራል። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል የሚል ተረት የፈጠረ ሕዝብ ነው። ሕዝቡን የምንወቅሰው የእኛን ስንፍና ለመሸፈን ነው።

አሁን ደግሞ ለአንዳንዶቻችን እንቆቅልሽ የሚሆን ነገር ላንሣ። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል። ከዚያ በፊት በሎስ አንጀለስ በተማሪነታቸው «ቡሽ ማማ»ን ሲያነሡ ፖሊሶች የፊልም ሠራተኞቻቸውን አስቁመው ፈትሸዋል፤ ካሜራው ግን አልቆመም ነበርና ያ ፍተሻ የፊልሙ መክፈቻ ሆኖ ቀረ። ጥቁር ሰው ካሜራ ይዞ መቆሙ ራሱ ወንጀል በሚመስልበት አገር ካሜራን ያላወረዱ ሰው ናቸው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያለፉ ወጣቶች የት እንደ ደረሱ ይታይ። አርተር ጃፋ «ዶተርስ ኦቭ ዘ ደስት»ን አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰንዳንስ የካሜራ ሽልማት አገኘ። የኬንታኪው ተወላጅ ብራድፎርድ ያንግ «ሰልማ»ን (2014) እና «አራይቫል»ን (2016) አነሣ፤ በ2017 ለኦስካር የካሜራ ሽልማት ዕጩ የሆነ የመጀመሪያው አፍሪካ-አሜሪካዊ ሆነ። የጥቁርን ሰው ፊት በመብራት ብዛት ሳያጥቡ፣ ከጥላው ጋር ማክበር የእሱ ሥራ መታወቂያ ነው።

መምህሩ ከጎንደር፣ ደቀ መዝሙሩ ከኬንታኪ። እኔ በዚህ እኮራለሁ፤ የኮራሁትን ያህል ግን ያንገበግበኛል። ጠይም ፊትን በብርሃን ማክበርን የሚያስተምር ሰው ይህ አገር አፍርቷል፤ ትምህርቱ የተሰጠው ግን በባዕድ ከተማ፣ ፍሬውም የበቀለው በባዕድ ፊልም ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ልጅ ከዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ አሁንም ይመለሳል። አንድም አልተቀመጠም አልልም። የሚመለስበት ቤት አልሠራንለትም እላለሁ።

ምን ይደረግ? ከዚህ በፊት በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች መጨረሻ ላይ «የሚመለከተው አካል» እየተባለ ሲጻፍ አንብቤአለሁ፤ ራሴም ጽፌአለሁ። አሁን አልጽፍም፤ የሚመለከተው አካል በአብዛኛው የዚህ መጽሔት አንባቢ ነውና። የባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሆናችሁ የውጭ ፊልም ሠሪ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ሲመጣ፣ ሹፌርና ተርጓሚ ብቻ ሳይሆን ከካሜራው አጠገብ የሚቆም፣ ሌንስ የሚቀይር፣ አንድ ቀንም ቢሆን ራሱ የሚያነሣ ኢትዮጵያዊ በውሉ እንዲገባ ጠይቁ፤ እንቢ ቢላችሁ ተራራው የእናንተ ነው። መምህር ከሆናችሁ ለተማሪዎቻችሁ ፊልም ስታሳዩ ድምፁን ለአምስት ደቂቃ ዘግታችሁ የሚያዩትን ይናገሩ። ይህ አንድ ብር አይጠይቅም። አዘጋጅ ከሆናችሁ የካሜራ ባለሙያውን ከተዋናዮቹ በፊት ጥሩት። ትችት የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ «ጥሩ ቀረጻ» የምትለዋን ሁለት ቃል ትተን ምን እንዳየን፣ ማን እንዳሳየን እንጻፍ። የጉማ ሽልማት ለካሜራ ሥራ ቦታ መስጠቱ መልካም ነው፤ ሽልማት ግን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ልጁ የሚኖረው ሦስት መቶ ስድሳ አምስቱንም ነው።

አሁን ያለ ካሜራ፣ ያለ ፀሐይ፣ በቃል ትእዛዝ ብቻ ምስል የሚሠሩ ማሽኖች መጥተዋልና «ይህ ሁሉ ክርክር ጊዜው አልፎበታል» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ከሃያ ዓመት በፊትም ካሜራው ራሱ ያነሣል ይሉ የነበሩት ናቸው። ማሽኑ የተማረው ዓለም አከማችቶ ካኖረው ምስል ነው፤ በዚያ ክምችት ውስጥ የእናቶቻችን ፊት ስንት ቦታ ይዟል? በትክክለኛ ብርሃን ያላነሣነውን ፊት ማሽኑ ከየት አምጥቶ ይሠራዋል?

በዚህ ክረምት ሦስተኛውን የፊልም ጽሑፌን ጨርሼ ለማንም ከማሳየቴ በፊት ለዚያ ልጅ ላክሁለት። በሠርግ ወቅት መካከል ስለ ነበር አይመልስልኝም ብዬ ነበር። በሳምንቱ በዳር በዳሩ በእርሳስ የተጻፈበት ሆኖ ተመለሰልኝ። ስለ ንግግሩ አንድም አስተያየት አልሰጠም። በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ፣ እናትና ልጅ ከሰባት ዓመት በኋላ ተገናኝተው በሚነጋገሩበት ረጅም ትዕይንት አጠገብ፣ እንዲህ የሚል ጥያቄ ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ክፍል መስኮት አለው? ካለው በየት በኩል ነው? ሰዓቱስ ስንት ነው?»

አላውቅም ነበር። ሰባት ገጽ ንግግር ጽፌ ክፍሉ መስኮት ይኑረው አይኑረው አላሰብሁም። አሁን መስኮቱን ከእናቲቱ በስተግራ አድርጌዋለሁ፤ ሰዓቱን አሥራ አንድ። ከሰባቱ ገጽ አራቱን ሰርዤአለሁ።